በር የሌለው ቤትና «ጅቡ በላት» ብሎ የሚያልቅ ተረት፦ ለአንዲት መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ የ8 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። ‘ቤተሰባችሁን ሳሉ’ ስላቸው እርሷ ሁሉንም በጥቁር ትስላለች፣ ቤቱ በር የለውም፣ እናቷም እጅ የላትም። ተረት እንዲነግሩኝ ስጠይቅ ደግሞ የእርሷ ሁልጊዜ ‘ጅቡ መጥቶ በላት’ ብሎ ያልቃል። በስልኬ ባገኘሁት የሥዕል መፍቻ ዝርዝር መሠረት ጥቁር ቀለም ድብርትን፣ የእጅ አለመኖር መመታትን፣ በር የሌለው ቤት መገለልን ያመለክታል። አያቷን ጠርቼ ልንገራቸው? ወይስ ሌላ ሥዕል አስዬ ላረጋግጥ?»

ምላሽ፦ ዝርዝሩን ይተዉት፤ አያቷንም በእርሱ ላይ ተመሥርተው አይጥሩ። ስለ ልጅቷ ያደረብዎት ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። በጥያቄዎ ውስጥ እኔን ያሳሰቡኝ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ከዝርዝሩ የመጡ አይደሉም። አንደኛው እናቷ ከተለየቻት ከዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተረቷ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ደርሶ የሚቆም መሆኑ ነው። ጥቁሩ ቀለም፣ የጎደለው እጅና የሌለው በር ለብቻቸው ምንም አይነግሩንም። ለምን እንደማይነግሩን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህን መሰል ዝርዝር ከመምህር ወደ መምህር በቴሌግራም ሲተላለፍ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፣ በእርሱም ሰበብ ያለ ጥፋታቸው የተጠረጠሩ ቤተሰቦች ወደ እኔ መጥተዋል።

የልጆችን ሥዕል ለመለኪያነት መጠቀም የተጀመረው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ፍሎረንስ ጉድኢናፍ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1926 እ.ኤ.አ. ልጆች ሰው እንዲስሉ የሚጠይቅ መለኪያ ሲያወጡ ዓላማቸው የልጁን የአእምሮ እድገት መገመት ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ጣት፣ አንገት፣ ልብስና የመሳሰሉት መኖራቸው እየታየ ይቆጠር ነበር። የሰው ሥዕል የሳዩን ጠባይና የተደበቀ ስሜት ይገልጣል የሚለውን አስተሳሰብ ያስፋፉት በ1949 እ.ኤ.አ. ካረን ማኮቨር ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ኤሊዛቤት ኮፒትዝ በ1968 እ.ኤ.አ. በልጆች ሥዕል ላይ ሊታዩ የሚችሉ 30 የስሜት ምልክቶችን ዘረዘሩ። በስልክዎ ያገኙት ዝርዝር ከእነዚህ ሥራዎች ተቆራርጦ የመጣ ፍርፋሪ ነው። ኮፒትዝ ራሳቸው በአንድ ነጠላ ምልክት ላይ ተመሥርቶ መደምደም እንደማይገባ አሳስበው የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ «ይህ ምልክት ካለ ይህ ችግር አለ» የሚለው ትስስር በድጋሚ ሲፈተሽ ሊጸና አልቻለም። ጤነኛ ልጆች እነዚያኑ ምልክቶች ይስላሉ፤ ክፉኛ የተጎዱ ልጆችም ያማረ ቤት፣ ፀሐይና አበባ ይስላሉ። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ሥዕሉ ስላማረ ብቻ «ይህ ልጅ ደኅና ነው» ተብሎ የታለፈ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ይቀራልና።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ጥቁሩን ሲያዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በእጇ ላይ የነበረው ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚል ነው። ሃምሳና ስድሳ ልጆች በሚማሩበት ክፍል አንድ ፓኬት ከለር ለሦስት ወይም ለአራት ሲታደል፣ ዝም የምትለዋ ልጅ የምትይዘው ሌሎች ያልፈለጉትን ነው። ብዙ ልጆች በቤታቸው የለመዱት እርሳስና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ጥቁር በነጭ ወረቀት ላይ ከሁሉ ይልቅ ደምቆ ስለሚታይም የሚመርጡት አሉ። እጅን ደግሞ ለመሳል ከሰው አካል እጅግ አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ በ7ና በ8 ዓመት እጁን ከኋላ የሚደብቁ፣ በኪስ ውስጥ የሚከቱ ወይም ጭራሽ የሚተዉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ልጅቷ የአያቷንና የራሷን እጅ ስላ የእናቷን ብቻ ትታው እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም፤ ያ ቢሆንም ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ለልጅቷ ይቀርባል እንጂ በዝርዝር ውስጥ አይፈለግም።

በሩን በተመለከተ ያለንበትን ከተማ ማየት ይበቃል። በድሬዳዋ ብዙ ቤት ከግቢ አጥር በስተጀርባ ነው ያለው፤ ከመንገድ ለሚያየው ሰው የሚታየው አጥሩና የቆርቆሮው በር ነው። በሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ከጠባቡ መተላለፊያ ላይ ሆኖ የሚታየው ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው፤ ውበቱ ሁሉ ያለው ከውስጥ ነው። በሩ መካከል ላይ፣ መስኮቱ ግራና ቀኝ ሆኖ የሚሳለው ቤት ልጆች ከመጽሐፍ የቀዱት ቤት ነው። የሚኖርበትን ቤት በእውነት የሳለ ልጅ በር የሌለው ግንብ ቢስል የሚያስመሰግነው ነው።

በአካባቢያችን ሊታለፍ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆች ነፍስ ያለውን ነገር መሳል፣ በተለይም ፊትን ከነዓይኑ መሳል፣ እንደማይገባ እየተማሩ ያድጋሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ፊቱ ባዶ የሆነ ሰው ቢስል ወይም ሰው ሳሉ ሲባል ቢያቅማማ፣ ይህ የሃይማኖት ትምህርቱን ማክበሩ ነው። ለእርሱ ሰው ሳል የሚለውን ትዕዛዝ ትተን ቤቱን፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ፣ ዛፍ ወይም የሚወደውን ቦታ እንዲስል መጠየቅ፣ ካልሆነም በቀጥታ ወደ ተረት መሄድ ይቻላል። ይህን ሳያውቁ «ፊት የሌለው ሰው የማንነት ችግር ነው» ብለው የጻፉ ሰዎች ሪፖርት በእጄ ገብቶ ያውቃል፤ ያን ወረቀት ያነበበች እናት እንዴት እንደደነገጠች አልረሳውም።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይዎት። ልጁ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። ከሐረር የመጣ የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ከጁገል ግንብ አጠገብ ነው። ለከተማው አዲስ የሆነች መምህርቱ ልጁ በሳለ ቁጥር ትንሽ ቤት፣ ከቤቱ አጠገብም ከቤቱ የሚበልጥ ጅብ ስለሚስል ተጨንቃ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «ስለዚህ ንገረኝ» አልኩት። ጅቡን በጣቱ እየነካ፣ ሌሊት ሲመጣ ጂኒዎቹ ይሸሻሉ፣ እርሱ ውጭ ካለ ማንም አይገባም አለኝ። በሐረር ጅብ በግንቡ ቀዳዳ እየገባ የሚወጣ፣ ሰው ቆሞ በእጁ የሚመግበው፣ ክፉ መንፈስን ያባርራል ተብሎ የሚታመን እንስሳ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ትልቁ ጅብ ዘበኛው ነበር። ልጁ ግን ወሬውን አላቆመም። ጣቱ ከጅቡ ተነሥቶ በቤቱ ውስጥ ወደሳላት አንዲት አራት ማዕዘን ሄደ፤ እኔ ሳጥን መስላኝ ነበር። «ይሄ አልጋው ነው። ባዶ ነው። እኔ ስለምሸናበት ኮሪደር ላይ ነው የምተኛው፤ ኮሪደሩ ጋ ደግሞ ጅቡ አያየኝም» አለ። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ጅቡን ስናይ ልጁ ሲነግረን የከረመው ስለ አልጋው ነበር። የ6 ዓመት ልጅ አልጋ ላይ መሽናቱ በጊዜ የሚስተካከል፣ ሕክምናም ያለው ነገር ነው። ከእናቱ ጋር ተነጋግረን ሐኪም አየው፣ ቅጣቱ ቆመ፣ ወደ አልጋውም ተመለሰ።

ሥዕል የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው። ለልጁ እጅ ሥራ ይሰጣል፤ ዓይኑን ከትልቅ ሰው ዓይን ላይ አንሥቶ ወረቀቱ ላይ እንዲያሳርፍ ያደርገዋል፤ ዝምታው እንዳያስፈራው ይከላከላል፤ የሳለው ነገር ራሱ ቀጥሎ የሚናገረውን ያስታውሰዋል። ጁሊየን ግሮስና ሐርሊን ሄይን በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ልጆች ስለተደሰቱበት፣ ስላዘኑበት ወይም ስለፈሩበት ጊዜ እየሳሉ ሲናገሩ፣ ሳይስሉ ከተናገሩት ልጆች በእጥፍ የሚበልጥ ነገር ተናግረዋል። ልብ ይበሉ፤ የተቆጠረው የተናገሩት ቃል ነው፣ የሥዕሉን ትርጉም ማንም አልፈታም። ይህ ጥቅም ግን የራሱ አደጋ አለው። በሌሎች ጥናቶች እንደታየው ጠያቂው ሐሳቡን በጥያቄው ውስጥ ካስገባ፣ ልጁ ያልሆነውንም ነገር ስሎ እንደሆነ አድርጎ ሊያምን ይችላል። «እናትሽ ለምን እጅ የላትም? ትመታሽ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ ልጅቷ መምህርቷን ለማስደሰት አዎ ልትል ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ለይቶ ማወቅ ለእርስዎም፣ ለእኔም፣ ለፍርድ ቤትም እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ «ሌላ ሥዕል አስዬ ላረጋግጥ» ያሉትን አልስማማበትም፤ አስቀድሞ የተያዘን ግምት ለማረጋገጥ የሚሳል ሥዕል ግምቱን ይዞ ይመለሳል።

እንዴት ይደረግ ለሚለው፣ ጊዜው ጠዋት ይሁን፤ በድሬዳዋ ሙቀት ከቀትር በኋላ የደከመች ልጅ የምትስለው ጥቂት መስመር የድካሟ እንጂ የኀዘኗ ምልክት አይሆንም። ከሌሎች ተነጥላ እንደተጠረጠረች እንዳይሰማት ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ልጆችን በየተራ እንዲሁ ያድርጉ፤ ይህ በዚያውም በእድሜዋ ያሉ ልጆች ምን እንደሚስሉ ያሳይዎታል፣ ማነጻጸሪያም ይሆንዎታል። ሙሉ ከለር ፊቷ ይዘርጉላት። ከፊት ለፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ይቀመጡ። ምን እንደምትስል እርሷ ትምረጥ። ስትጨርስ «ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ» ይበሉና ዝም ይበሉ፤ ዝምታው ሲረዝም እንኳ ቸኩለው አይሙሉት። ከዚያ በኋላ የሚፈቀዱልዎት ጥያቄዎች «ከዚያስ?»፣ «እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው?»፣ «ይቺ ምን ትላለች?» የመሳሰሉት ናቸው። እርሷ እናቴ ናት ሳትል እናትሽ ናት አይበሉ። የተናገረችውን ራሷ ባለችበት ቃል፣ ሳያርሙና ሳያሳምሩ፣ ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ የእርስዎን አስተያየት በሌላ ገጽ ያድርጉት። ልጅቷ በቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ከሆነ ደግሞ በዚያ ቋንቋ እንድትናገር ይፍቀዱላት፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የሚታመን ባልደረባም ይርዳዎት። በሁለተኛ ቋንቋዋ የምትናገር ልጅ «ፈራሁ» ከማለት ይልቅ የምታውቀውን አንድ አጭር መጨረሻ ደጋግማ ልትይዝ ትችላለች።

ይህ ወደ ተረቷ ያመጣናል፤ ከላኩልኝ ነገር ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው እርሱ ነው። በመጀመሪያ ግን ጅቡ መጥቶ በላት የሚለው መጨረሻ ለብቻው አያስደነግጥም። የአገራችን ተረቶች ጅብ አህያን፣ በግን፣ ሞኝን በሚበላባቸው መጨረሻዎች የተሞሉ ናቸው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የተቀበለ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። በክፍል ፊት ቆማ የምትተርት ልጅም፣ ጓደኞቿ ሲስቁባት ወይም ስታፍር፣ ቶሎ ጨርሳ ለመቀመጥ ጅቡን ልትጠራው ትችላለች። ስለዚህ በክፍል ፊት የሰሙትን ለብቻው አይቁጠሩት። ብቻዋን፣ ጊዜ ሰጥተው፣ እርስዎ ጀምረው እርሷ እንድትጨርስ ያድርጉ። «አንዲት ግልገል ከመንጋው ወደ ኋላ ቀረች፤ መሸባት። ከዚያስ?» ይበሏት። በሌላ ቀን ደግሞ «አንድ ልጅ እየሮጠ ሲገባ የቡናውን ሲኒ ሰበረው። ከዚያስ?» ይበሉ። አጀማመሩ የልጅቷን ኑሮ የሚመስል መሆን የለበትም፤ «አንዲት ልጅ ነበረች፣ እናቷ ዐረብ አገር ሄደች» ብለው ከጀመሩ ተረት መሆኑ ይቀርና ምርመራ ይሆንባታል። ክፉ ሰው፣ ምስጢር፣ መነካት የሚል ነገርም በአጀማመርዎ ውስጥ አያስገቡ።

ስትተርት የሚታዘቡት ጅቡን አይደለም። በተረቱ ውስጥ የሚረዳ ሰው አለ ወይ? ግልገሏ ስትጮኽ የሚሰማት እረኛ፣ እናት በግ፣ ጎረቤት ይመጣል ወይ? ሲኒውን የሰበረው ልጅ ተቆጥተውት የሚያበቃለት ነው፣ ወይስ ከቤት ይባረራል? ጅቡ ከበላት በኋላ «ከዚያስ?» ሲሏት ነገሩ ይቀጥላል ወይ? ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ዓይናቸው ይበራና ሆዱን ቀደው ያወጧታል፣ ወይም እናት መጥታ ጅቡን ትደበድበዋለች። እንዲህ ያለች ልጅ ብትፈራም መውጫ ይታያታል። የሚያሳስበኝ ተረቱ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ አጀማመር፣ ብቻዋን ሆና ጭምር ያለ ምንም ረዳት እዚያው ላይ ሲቆም፣ ስትተርተውም ፊቷ ሲጨልም፣ ትንፋሿ ሲያጥር ወይም ድምፅዋ ሲጠፋ ነው። ከባድ ነገር ያጋጠማቸው ልጆች በጨዋታቸው፣ በሥዕላቸውና በተረታቸው አንዱን ነገር ሳይለውጡ፣ ደስታም ሳያገኙበት ይደጋግማሉ። እርሱም ቢሆን አንድ ፍንጭ ነው። በድሬዳዋ ለዚህ ጥንቃቄ ጥሩ ማስረጃ አለን። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከወንዙ ዳር ካሉ መንደሮች የሚመጡ፣ ከዚያ ዓመት በኋላ የተወለዱ ልጆች ዛሬም ቤት የሚወስድ ውኃ ይስሉልኛል። ያላዩትን ጎርፍ ከትልልቆቹ ሰምተው ይዘውታል። ልጅ የሚስለው የደረሰበትን ብቻ አይደለም፣ የተነገረውንም ነው።

እናቷን በተመለከተ፣ የመለየቱ ነገር ራሱ ቁስል ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ልጆች ያልተነገራቸውን በራሳቸው ሐሳብ ይሞሉታል፤ በዚህ እድሜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት በራሳቸው ጥፋት ነው፤ «ስላስቸገርኳት ሄደች» ይላሉ። በእኛ ዘንድ የባሰ የሚያወሳስብ አንድ ልማድ አለ። ሞት ከልጆች ይደበቃል፤ አባቱ የሞተበት ልጅ «ሩቅ አገር ሄዷል፣ ይመጣል» ይባላል፤ እውነቱን ከሰፈር ልጆች የሚሰማበት ቀን ግን ይመጣል። እናቷ በእውነት ወደ ዐረብ አገር የሄደችባት አንዲት ልጅ፣ የጎረቤቷ ልጅ በዚህ መንገድ ሲታለል አይታ ስለነበር፣ እናቷ ሞታ ትልልቆቹ እየዋሹኝ ነው ብላ ለወራት በልቧ ይዛው ነበር። የገንዘቡ መምጣት አላሳመናትም፤ ያሳመናት የእናቷን ፊት በስልክ ቪዲዮ ማየቷ ነው። የእርስዎ ተማሪ ይህን ታስባለች ማለቴ አይደለም፤ የማውቅበት መንገድ የለኝም። አያቷን ሲያገኙ እናትየው በምን ያህል ጊዜ እንደምትደውል፣ ልጅቷ ራሷ ታናግራት እንደሆነ፣ ስለ መመለሷም ምን እንደተነገራት መጠየቅ እንዳይረሱ ነው።

አያቷን ይጥሯቸው፤ የሚያነጋግሯቸው ግን ስለ ሥዕል አይደለም። «እማማ፣ ልጅቷን እወዳታለሁ፤ በክፍል ውስጥ ዝም ትልብኛለች፤ ቤት ውስጥ እንዴት ናት?» ብለው ቢጀምሩ ይበቃል። ከዚያ እንቅልፏን፣ በሌሊት መባነኗን፣ ምግቧን፣ ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ ማለቷን፣ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምራ እንደሆነ፣ ከልጆች ጋር መጫወቷን፣ መቆጣትና መነጫነጭ ማብዛቷን ይጠይቁ። የመጨረሻውን አጥብቀው ይያዙት፤ በልጅ ላይ ድብርት ብዙ ጊዜ በለቅሶ ፋንታ በቁጣ ነው የሚታየው። መቼ ጀመረ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይጠቅማል። በሥራዬ ላይ የሚያስወስነኝ ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየቱ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየቱ፣ እንቅልፏን፣ ትምህርቷንና ጨዋታዋን መንካቱ ነው። ይህን በሥርዓት ለመመዘን ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በወላጅና በመምህር የሚሞላ 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ወደ አማርኛም ተተርጉሟል። እርሱም በሽታ አይሰይምም፤ ወደ ባለሙያ መሄድ ያለባትን ልጅ ለመለየት ግን ከማንኛውም የሥዕል ዝርዝር ይሻላል።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። ልጅቷ በወሬዋ መካከል ሰው እንደሚመታት ወይም ሰውነቷን እንደነካት ከተናገረች፣ ሥዕሉን ይተዉት፤ ተረጋግተው ይስሙ፣ መናገሯ ትክክል እንደሆነ ይንገሯት፣ ለማንም አልናገርም ብለው ግን ቃል አይግቡ። ያለችውን በቃሏ ጽፈው በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩ ያሳውቁ፤ ጉዳዩ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይደርሳል። ደጋግመው አይጠይቋት፣ ተጠርጣሪውን ወይም ቤተሰቡን ራስዎ አይጥሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የመታት ሰው መምህር ቢሆንም ሂደቱ ያው ነው። ሁለተኛ፣ መሞት እንደምትፈልግ ወይም ራሷን እንደምትጎዳ ከተናገረች፣ በ8 ዓመቷ ምን ታውቃለች ብለው አይለፉት፣ ከታች የምመክርዎን አራት ሳምንትም አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ሦስተኛ፣ ሥዕሎቿን በግድግዳ ላይ አይለጥፉ፣ በወላጆች ስብሰባ አያሳዩ፣ ፎቶ አንሥተውም «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው በመምህራን ግሩፕ ውስጥ አይላኩ። ለእኔ ሥዕሎቹን አለመላክዎ ትክክል ነበር።

የእርስዎ ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃም ግልጽ ይሁን። መምህር ሊያዳምጥ፣ ሊያስተውል፣ ሊመዘግብና ሊያገናኝ ይችላል። ተረቷን በተሻለ መጨረሻ መልሶ እየተረቱ ልጅን ማከም የሚባል ዘዴ አለ፤ ሪቻርድ ጋርድነር በ1971 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው፤ የሚሠራው ግን ልጁን ለረጅም ጊዜ በሚከታተል የሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ጅቡ በላት ስትልዎ «አይ፣ እንደሱ አይደለም፤ እናቷ መጥታ አዳነቻት» ብለው አያርሟት። ያንን የሰማች ልጅ የምትማረው እርስዎ ጅቡን መስማት እንደማይፈልጉ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፀሐይና አበባ ትስልልዎታለች።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህ ነው። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ይስጧት፤ ሁለቱን ጠዋት ለሥዕል፣ ሁለቱን ለተረት ያድርጉት። በዚሁ በመጀመሪያው ሳምንት አያቷን ያነጋግሩ፤ ከተቻለም ልጅቷና እናቷ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበት ቀን በየሳምንቱ እንዲወሰን ይጠይቋቸው፤ ቀኑ ታውቆ መጠበቁ ራሱ ለልጅቷ ብዙ ነው። በመካከሉ እንቅልፏ፣ ትምህርቷና ጨዋታዋ እየተበላሸ መሆኑን ካወቁ አራቱን ሳምንት ሳይጨርሱ፣ አለዚያም በአራተኛው ሳምንት ተረቷ አሁንም እዚያው ላይ ቆሞ ካገኙት፣ አያቷ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ወይም ለሐረር የሚቀርቡ ከሆነ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲወስዷት ያግዙ። ማስታወሻዎን ለባለሙያው ይስጡ፤ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚረዳው ልጅቷ የተናገረችው ቃል ከነቀኑ ነው። ሥዕሎቹን ግን አስቀድመው እርሷን ይጠይቋት፤ ይሂዱ ካለች ይሂዱ፣ የእኔ ናቸው ካለች በደብተሯ ውስጥ ይቆዩላት።